አባቴ ሳይሰማው የቀረው የአሞጽ መጨረሻ

ከቤት የወጣሁት ዋሽቼ ነው። ለአባቴ ባሕር ዳር የአምስት ቀን ሥልጠና አለኝ አልኩት። እሱም የፋርማሲ ባለሙያ ሥልጠና እንደማያልቅበት ስለሚያውቅ «ወፍራም ልብስ ያዢ» ብቻ ብሎ ሸኘኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አባቴን ስዋሽ ግን አሁንም እንደ ልጅነቴ ጆሮዬ ይግላል።

እውነቱ እንዲህ ነው። አባቴ አቶ ጥበቡ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲመዝን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን ከመንዝ ተነሥቶ ጋይንት የሄደ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ ነበር። የትርጓሜ ተማሪ የሚይዘው ከመምህሩ አፍ የሰማውን ነው። መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ይፈታል፤ ተማሪው ቃል በቃል ይደግማል፤ ሲጨርስ ተመርቆ እሱም ያስተምራል። የሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየዓመቱ ጾመ ነቢያት ሲገባ «ነቢያትን ያስተምሩን» እያሉ አባቴን ይለምኑታል። መልሱ አንድ ነው፦ «ሳልመረቅ የወጣሁ ነኝ። ያልተመረቀ አያስተምርም።»

ለምን ሳይመረቅ እንደወጣ የነገረኝ አምና በጠና በታመመ ጊዜ ነው። የነቢዩ አሞጽን ትርጓሜ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ የመምህሩን ጥማድ በሬዎች ገደል አፋፍ ላይ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ተማሪ ሲያጠና ዓይኑን ይጨፍናል፤ እሱም ጨፍኖ እያጠና ነበር። ሲገልጥ አንደኛው በሬ የለም። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ከገደሉ ሥር ተዘርግቷል። ደበሎውንም መጽሐፉንም ሳያነሣ በዚያው እግሩ ወደመራው ሄደ። «አሞጽ መጽሐፉን ሙሉ ሲቆጣ ኖሮ የወደቀው ድንኳን ይነሣል የሚለው መጨረሻ ላይ ነው» አለኝ። «እኔ ቁጣውን ሁሉ ተምሬ ምሕረቱ ሊጀመር ሲል ወጣሁ። የኔታም ረግመውኛል።» ከበሽታው ዳነ፤ ነገሩ ግን እኔ ላይ ቀረ። መምህሩ በሕይወት ካሉ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልለምንለት፣ ከሌሉም ወንበራቸውን ከያዘው ሰው «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚል ቃል ላመጣለት ቆረጥኩ።

ሰኞ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳምንት ሙሉ በስልክ ስጠይቅ ከርሜ፣ ከአዲስ አበባ በሌሊቱ አውቶቡስ ተነሥቼ ሲመሽ ባሕር ዳር ገባሁ። ስለዚህ ቀን የምጽፈው የለኝም። ዓባይ በረሃ ላይ አስመለሰኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሎሚ ገምሳ ሰጠችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ማክሰኞ። በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት። ሚኒባሱ የጉናን ትከሻ ሲይዝ ወፍራም ልብስ ያልኩት ሹራብ የናዝሬት ወፍራም እንደሆነ ገባኝ። እኛ ዘንድ በታኅሣሥ ብርድ ነው የሚባለው ማራገቢያ የሚጠፋበት ሌሊት ነው። እግሬ ላይ ያለው ነጠላ ጫማ፣ እግሬ ሥር ያለው የነጭ ሽንኩርት ማዳበሪያ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ የሰሙ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው «ነይ ግቢ ልጄ፣ ለሁለት ይበቃል» አሉኝ። የማላውቃቸው ሰው ጋቢ ውስጥ ገብቼ እስከምወርድ ድረስ ተኛሁ። ስነቃ ራሴ ትከሻቸው ላይ ነበር፤ እሳቸውም እንዳያነቁኝ ብለው መውረጃቸውን አልፈው ነበር። ይቅርታ ስላቸው «ምን ቸገረኝ፣ ቁልቁለት ነው» ብለው ወደኋላ መንገድ ጀመሩ።

ረቡዕ። ቤተ ልሔም በእግር ደረስኩ። አባቴ «ጋይንት» እንጂ ሌላ ስለማይናገር፣ ጋይንት ደግሞ የሚታወቀው በቤተ ልሔም ስለሆነ፣ እዚያ ሄጄ የኔታ ላቀው የሚባሉ መምህር ብል ነገሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ዛፎቹ ሥር ተማሪዎች ተቀምጠው ያዜማሉ። የተቀበሉኝ መሪጌታ ነገሬን እስከ መጨረሻ ሰምተው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እዚህ የምንማር ድጓ ነው፤ ዜማ። አባትሽ የተማሩት የመጽሐፍ ቤት ነው። አንቺ መድኃኒት ትሸጫለሽ አሉ?»

«አዎ።»

«ለዓይኑ የመጣውን የእግር ቅባት ትሰጭዋለሽ?»

እኔ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ደግነቱ መሪጌታ የኔታ ላቀውን በዝና ያውቋቸዋል። ካረፉ ቆይተዋል፤ ወንበራቸውን የያዙት ደቀ መዝሙራቸው የኔታ ዓለሙ ናቸው፤ ያሉትም ስማዳ፣ ከወገዳ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። ይቅርታ የሚለመነው ሰው ከሌለ ምን ይዤ ልሂድ?

መሪጌታ ፊቴን አይተው «ምሳ ሳትበይ ተስፋ አትቁረጪ» አሉኝ። ሚስታቸው የጉና ድንች ከነልጣጩ ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡልኝ። የናዝሬት ድንች ድንች አይደለም ብዬ እዚህ ብጽፍ የሰፈሬ ጉልት ነጋዴዎች ይቀየሙኛል፤ ግን እውነት ነው። ሳምንቱ «ስብከት» የሚባለው እንደነበረም እዚያ ተማርኩ። ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ነቢያት ይመጣል ያሉትን እያነሡ የሚዘመርባቸው ናቸው። ስብከት የሚለውን ቃል ዕድሜ ልኬን ስሰማ፣ መጀመሪያ ሰባኪዎቹ ክርስቶስን ሳያዩ የሞቱ ዕብራውያን እንደነበሩ አስቤው አላውቅም።

ሐሙስ። ወደ ወገዳ በጭነት አይሱዙ። መንገዱን አልገልጸውም፤ የመኪናው ባሌስትራ ይግለጸው፤ እኩለ ቀን ላይ ተሰበረ። ከመንገዱ ዳር አውድማ ላይ ገብስ የሚያበራዩ ገበሬዎች ጠርተው ተሳፋሪውን ሁሉ አበሉን፦ የገብስ እንጀራ፣ የባቄላ ሽሮ፣ ጠላ። ልንሄድ ስንል ባለአውድማው ሁለት እፍኝ ገብስ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ጨመረልኝ። አልፈልግም ብል ተቆጣ። «አውድማ የደረሰ ባዶ እጁን አይሄድም። የኔ ድርሻ የኔ ነው፤ ያንቺ ደግሞ ይሄ ነው» አለኝ። ናዝሬት የእህል በረንዳ ላይ እንዲህ የሚል ነጋዴ ቢገኝ ዘመዶቹ ጸበል ይወስዱታል። ማታ ወገዳ እትዬ ደብሬ የሚባሉ ሴት ዘንድ አረፍኩ። አልጋ ቤታቸው ሞልቶ ስለነበር እሳቸው ከመኝታቸው ተነሥተው እኔን አስተኙኝ ማለት አልችልም፤ አብረን ተኛን። ያንኮራፋሉ። ጧት ደግሞ እኔ እንደማንኮራፋ ነገሩኝ፣ አንኮራፍቼ እንደነበር እያወቅሁ።

ዓርብ። ከገበያ ወደ ቤቱ ከሚመለስ ገበሬ ጋር ሦስት ሰዓት ሄድን። ልንደርስ ስንል ገደል አፋፍ ላይ ጢም ያለው ተማሪ በሬዎች ይጠብቃል። «እንደምን ዋልክ» ስለው በእጁ ብቻ ሰላም አለኝ፤ ዓይኑን ከበሬዎቹ አላነሣም። ድዳ መስሎኝ ለገበሬው ሹክ አልኩት።

«የለም፣ ሥርዓት ነው» አለኝ። «እዚህ ጉባኤ በሬ የሚጠብቅ ተማሪ አያጠናም፣ ከሰውም አያወራም። ቀድሞ በሬ ገደል ገብቶባቸው ነበር ይላሉ።»

ሃምሳ ዓመት ያህል አልፎ፣ የአባቴ ጥፋት ሕግ ሆኖ ቆየኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምፈራው መረሳቱን ነበር፤ አሁን ደግሞ አለመረሳቱን ፈራሁ።

የኔታ ዓለሙ ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ አንድ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ግንብ በሌለው ጎጆ ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ስምንት ዘጠኝ ተማሪዎች ከበዋቸዋል። ተሳልሜ ከናዝሬት እንደመጣሁ ስነግራቸው እጄን ታጥቤ እንድበላ አዘዙ። ከበላሁ በኋላ «ምን ልርዳሽ ልጄ?» አሉኝ። ስለ በሬው ልናገር አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ተናገርኩ። «የአሞጽን መጨረሻ መስማት እፈልጋለሁ የኔታ። ሴት መቀመጥ ከቻለች።»

«አትቀመጥም የሚል አላነበብሁም። መቀመጫ ነው የሌለን።» ተማሪዎቹ ድንጋይ አምጥተው ቁርበት አነጠፉበት። የኔታ አንዱን ተማሪ «በላ፣ የወደቀችውን ድንኳን ቀጽል» አሉት። መቀጸል ማለት የተማሩትን ከቃል መልሶ ማለት ነው። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ «የወደቀችውን የዳዊትን ድንኳን አነሣለሁ፣ ቀዳዳዋንም እደፍናለሁ» የሚለውን ቃል አስቀደመ።

አንድም ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት የዳዊትን ቤት ፍርስራሽ መሥራታቸው ነው አለ። አንድም የዳዊት ዘር ነግሦ የሚቀመጥበት ዙፋን ጠፍቶ ሳለ ጌታ ከዳዊት ልጅ ሥጋ ነሥቶ ማንሣቱ ነው አለ። አንድም ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ያመኑትን እንዴት እንቀበል ብለው ሲከራከሩ፣ ያዕቆብ ተነሥቶ ይህንኑ ቃል ጠቀሰ፤ ድንኳኑ የተነሣው የቀሩት ሰዎች ደግሞ እንዲገቡበት ነው ብሎ በሩን ከፈተላቸው አለ። እየተከታተልኩ ነበር። ከዚያ ተማሪው ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ፦

«አንድም የወደቀ ድንኳን የመምህር ጉባኤ ነው፤ ቀዳዳውም ሳይመረቅ የሄደ ተማሪ ነው። በሬ ገደል ገባብኝ ብሎ ፈርቶ ሄደ። መምህሩ በሬውን አልፈለገም፤ እሱን ፈለገ። በመጣ ጊዜ ቦታው ይሰጠዋል፤ ቀዳዳውም ያን ጊዜ ይደፈናል ሲል ነው።»

አለቀስኩ። ማልቀስ ስል እንደ ወግ አይደለም፤ ንፍጤን በነጠላዬ እየጠረግሁ ነው። ተማሪዎቹ ደነገጡ። የኔታ «ምነው ልጄ?» አሉኝ።

«ያ ሰው አባቴ ነው።»

የቀጸለው ተማሪ «እኛ ምሳሌ መስሎን» አለ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። የኔታ ግን ከመደቡ ተነሥተው ነበር። «ጥበቡ ዘመንዝ?» አሉ። «አብረን አንድ ድንጋይ ላይ ነበርን። ሞተ?»

«አለ የኔታ።»

«አለ» አሉ፤ ደገሙት፤ «አለ።» ተመልሰው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን አበሱ። ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። የኔታ ላቀው በሬው የወደቀ ለት ወደ ገደሉ አልወረዱም፤ በትራቸውን ይዘው ወገዳ ገበያ፣ ከዚያም እስቴ ድረስ ሄደው ወር ሙሉ ጥበቡን ሲጠይቁ ሰነበቱ። መንዝም መልእክት ሰደዱ። ሳያገኙት ሲቀሩ በዓመቱ እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ ያንን አንድም ጨመሩበት። ስሙን አልጠሩም፤ ስም ጠርቶ ማስተማር ሰውን ማሳፈር ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚማር ሁሉ እሱንም ይማራል።

«አልረገሙትም?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ነበር የሚሉ። ዓይንህን ጨፍነህ አጥና ያልሁ እኔ፣ በሬ ጠብቅ ያልሁም እኔ ይሉ ነበር። ሥርዓቱን የሠሩ ለእኛ አይደለም፤ ለራሳቸው ነው።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «አሞጽም የከብት ጠባቂ ነበር። ስንት በሬ እንደጠፋበት ማን ያውቃል።»

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ስለነበር ጠየቅኋቸው። አሞጽ የተናገረው ለእስራኤል ነው፤ ያዕቆብ ለአሕዛብ አደረገው፤ የኔታ ላቀው ለአባቴ አደረጉት። የሰው ቃል እንዲህ መውሰድ ይቻላል? ባለፈው ቀን ስለተሰጠኝ ገብስ ነግሬያቸው ስለነበር እሱን አነሡልኝ።

«ባለአውድማው ሲዘግንልሽ እህሉ ያንተ አይደለም አልሽው?»

«የለም።»

«እኛም አንልም። ቃሉ አስቀድሞ የእነሱ ነው። የተማረኩት እነሱ፣ ቤታቸው የፈረሰ እነሱ። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድም ዘለን ወደ ራሳችን አንሄድም። ሐዋርያትም ዕብራውያን ነበሩ፤ ከገዛ አውድማቸው ነው የዘገኑልን። ተቀብለን ስናበቃ ባለቤቱን መርሳት ነው ነውሩ።»

ስልኬን አወጣሁ፤ ለአባቴ ልቀዳለት። የኔታ አልከለከሉኝም። «ይቅዳ። ግን ስልክ አደራ አይቀበልም። የኔታ ላቀው ሊያርፉ ሲሉ ጥበቡ ከመጣ መርቄዋለሁ በለው ብለው ምርቃቱን እኔ ዘንድ አስቀምጠዋል። እሱም የቀረበትን ሳይሰማ አይመረቅም። ስለዚህ በአፍሽ ይዘሽለት ትሄጃለሽ።»

ቅዳሜ። ሙሉውን ቀን ቀጸልኩ። የስድስት መቶ መድኃኒት ስም በቃሌ እችላለሁ ብዬ የምኩራራ ሴት አራት አንድም አቃተኝ። ሐዋርያትን ከልደት አስቀድሜ ስናገር ጢማሞቹ ተማሪዎች በሳቅ ወደቁ፤ «ሳይወለድ ሰበኩት» እያሉ። አንዱ ግን ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስሳሳት እየመለሰኝ፣ ቆሎውን እያካፈለ አስጠናኝ። ከመምሸቱ በፊት የኔታ ፊት ቆሜ ሳልሰናከል ተወጣሁት። «ደኅና» አሉኝ። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ እንዲያ ደስ አላለኝም።

እሁድ። ከቅዳሴ በኋላ የኔታ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ለአባቴ የታሰበውን ምርቃት ተናገሩ። እኔ መሸከሚያው ነበርኩ፤ ግን የተንጠባጠበ እኔም ላይ ሳይደርስ አልቀረም። ከወገዳ ገበያ ገዝቼ ያመጣሁላቸውን ጋቢ ለበሬ ጠባቂው ተማሪ ሰጡት። «እኔ ጎጆ ውስጥ ነኝ፤ ብርዱ ያለው አፋፉ ላይ ነው» አሉ።

ሰኞ። ከወገዳ ወደ እስቴ። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ እስክንደርስ አንዳች እንዳይጠፋብኝ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ደጋገምኩት። አጠገቤ ያለችው ወጣት አስተማሪ አይታ አይታ «እትዬ፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። የማደርገውን ስነግራት ስልኳን አጥፍታ «እስቲ ልስማዎት» አለች፤ ሁለቴ ስልላት አንዴ «እንዲያ የሚለውን ዘለሉት» ብላ አረመችኝ። የደብረ ታቦር የመጨረሻው መኪና አምልጦን ነበርና ቤቷ ወሰደችኝ። ተልባ ፍትፍት በላን። አንድም ነገር አላስከፈለችኝም፤ ጧት አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ።

ሐሙስ ናዝሬት ገባሁ። ሙቀቱ ፊቴን ሲመታው አመሰገንኩ፣ ብርዱንም አመሰገንኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። «የአምስት ቀን ሥልጠና አሥራ አንድ ቀን ወሰደ» አለኝ።

«ዋሽቼሃለሁ አባዬ። ስማዳ ነበርኩ።»

እጁ የወንበሩን ክንድ ያዘ። ምንም ሳይጠይቀኝ እንደ ተማሪ ፊቱ ቆሜ ጀመርኩ። ባቢሎንን አልኩ፣ ልደትን አልኩ፣ ሐዋርያትን አልኩ። እያንዳንዱ ላይ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቃሉ በተማረበት ሥርዓት እንደሚሄድ እያመዛዘነ ነው። አራተኛውን ስጀምር መነቅነቁን አቆመ። «መምህሩ በሬውን አልፈለገም፤ እሱን ፈለገ» ስል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አላቋረጥኩም፤ የኔታ ዓለሙ አታቋርጪ ብለውኝ ነበር። ጨርሼ ምርቃቱን ቃል በቃል ነገርኩት።

ጎረቤት ባጃጅ እያስነሣ ነበር።

«ስሜን ይጠሩታል?» አለኝ በመጨረሻ።

«የለም። አንድ ተማሪ ነው የሚሉት።»

«ደግ አደረጉ» አለ። «ስሜን ቢጠሩት ለኔ ብቻ ይሆን ነበር።»

ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ተነሥቶ የመጻሕፍቱን መደርደሪያ አቧራ በእጁ እየጠረገ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች እሁድ ይምጡ በያቸው። ከመጨረሻው ነው የምጀምርላቸው» አለኝ።